ቅላጼ የሌለው ማን ነው?

በአትላንታና በዙሪያዋ፣ በክላርክስተን፣ በዲኬተር፣ በስቶን ማውንቴን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስብሰባ መጥራት አይታክተንም። ስለ አገራችን አንድነት፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ታሰሩ ወገኖቻችን እንሰበሰባለን፤ እንከራከራለን፤ የአቋም መግለጫ አውጥተን እንበተናለን። በእነዚህ ስብሰባዎች ውስጥ በየትኛውም መተዳደሪያ ደንብ ላይ ያልሰፈረ፣ ነገር ግን ማንም የማይስተው አንድ ሕግ አለ። ተናጋሪው ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ አፉን በከፈተ በአፍታ ውስጥ አዳራሹ ፍርዱን ይሰጣል። አማርኛው የአዲስ አበባ ከሆነ ይደመጣል። የደብረ ማርቆስ፣ የመንዝ ወይም የወረኢሉ ከሆነ ከወደ ኋላ ወንበር ፈገግታ ይጀመራል። አፉን የፈታው በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በጉራጊኛ ወይም በወላይትኛ ከሆነ ደግሞ መመዘኑ ሐሳቡ መሆኑ ይቀርና ሰውዬው ራሱ ይሆናል፦ «ይሄኛው የማን ወገን ነው?»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይሉ ነበር አባቶቻችን። በእኛ ዘመን አፍ ሲከፈት የሚታየው ክልል ሆኗል።

ይህን ጉዳይ ስናነሳ የሚሰጠንን መልስ አስቀድመን እናውቀዋለን። «አገር እየፈረሰ እናንተ ስለ ቅላጼ ታወራላችሁ?» ይባላል። ወይም ደግሞ «ቀልድ ነው፤ ሐበሻ እርስ በርሱ ሳይቀላለድ መቼ ይኖራል?» ይባላል። ለሁለቱም መልስ አለን። ለጊዜው ግን ከመሠረቱ እንጀምር፤ ምክንያቱም የሚስቀው ሰው ቆሜበታለሁ የሚለው መሬት ከእግሩ በታች የለምና።

የሚስቀው ሰው እምነቱ ይህ ነው፦ ሌላው ሁሉ ቅላጼ አለው፤ እኔ ግን የለኝም። እኔ የምናገረው አማርኛ ራሱ አማርኛው ነው፤ የሌላው ግን የተጣመመ ነው። ይህ ሰው አዲስ አበባ ተወልዶ ካደገ «መጣህ» በሚለው ፈንታ «መጣክ» ይላል፤ «አይደለም» የሚለውን ውጦ «አደለም» ይላል፤ «ይህ» የሚለውን «ይሄ» ያደርገዋል። ማንም አይስቅበትም። ለምን? አነጋገሩ ከመጽሐፉ ጋር ስለሚስማማ አይደለም፤ አይስማማምና። አነጋገሩ የቤተ መንግሥቱ፣ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ፣ የሬዲዮውና የቴሌቪዥኑ ጎረቤት ስለሆነ ነው። ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። መናገሻው ጎንደር ላይ ጸንቶ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ፈገግ የሚባልበት የአራዳ ልጅ ይሆን ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አማርኛ የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ ነበረው፤ በዓምደ ጽዮን ዘመን፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ለነገሥታት ይዘፈንበት ነበር።

ወደ ፊደሉ እንግባ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ይበልጥ ያስቃል። የገጠር ሰው «ጦም»፣ «ጠሎት»፣ «ጠሐይ» ሲል «ፋራ» ይባላል። ነገር ግን የግዕዙን «ጸ» ወደ «ጠ» መለወጥ አማርኛን አማርኛ ካደረጉት ጠባዮች አንዱ ነው። የግዕዙ «ጸብእ» በአማርኛ «ጠብ» ሆነ፤ «ጸላኢ» «ጠላት» ሆነ፤ «አጽባዕት» «ጣት» ሆነ። አራዳው «ጠብ» ሲል «ጸብ» ካላልኩ ብሎ አይጨነቅም፤ «ጠላት» ሲል አያፍርም። እንግዲህ ባላገሩ ያደረገው ኃጢአት ምንድን ነው? ቋንቋው በሄደበት መንገድ ጥቂት እርምጃ ርቆ መሄዱ ብቻ ነው። እንዲያውም ከሁለቱ አማርኛነቱ የጠበቀው የባላገሩ ነው፤ የከተሜው «ጾም» ከግዕዝ እንዳለ የተወሰደ ነውና።

«ኸ» የምትባለውን ፊደል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን ቆጥረናታል። ግዕዝ አያውቃትም፤ አማርኛ ተናጋሪው ለራሱ ድምፅ ሲል ከ«ከ» ላይ ቀጥሎ የሠራት ናት። ዛሬ አዲስ አበቤው ሲያነባት «ሀ» ብሎ ያልፋታል። በድምፅዋ የሚጠራት፣ «ኸየት መጣህ?» የሚለው ሰው ነው የሚሳቅበት። የ«ዠ»ም ዕጣ ከዚህ አይለይም። «ዥብ»፣ «ዠርባ» የሚል ሰው ጆሮ ያስቆማል፤ ፊደሏ ግን በገበታው ላይ ተደርድራ ባለቤቷን ትጠብቃለች። የሰሜን ሸዋ ገጠሬ «ቀ»ን ጉሮሮው ላይ ሲያስቀራትም እንዲሁ ይቀለድበታል፤ የቤተ መንግሥቱ አማርኛ የበቀለው ግን ከዚያው ከሸዋ መሬት ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው የትግርኛ ተናጋሪው ነገር ነው። ወገኖቻችን በየድረ ገጹ «ሐመሩ ሐ» እና «ሃሌታው ሀ» ተቀላቀሉ፣ «ዓይኑ ዐ» በ«አልፋው አ» ተተካ፣ የአባቶች ፊደል ጠፋ እያሉ ሲሟገቱ እናነባለን። እኛም በዚህ ጽሑፍ የቻልነውን ያህል ፊደሉን ጠብቀናል። ነገር ግን እነዚህን ድምፆች ከጉሮሮው አውጥቶ፣ «ሐ»ን «ሐ»፣ «ዐ»ን «ዐ» አድርጎ የሚጠራ ሰው በአማርኛ ሲናገር ከተሰማ ይሳቅበታል፤ ቅላጼው ለመድረክ ቀልድ ይሆናል። ለፊደሉ ሞት የሚያለቅሰውና ፊደሉን በሕይወት ባቆየው ጉሮሮ የሚስቀው አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው የሚወደው ፊደሉን ነው ወይስ ራሱን?

ታሪኩንም እንይ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የተንቤን ሰው ነበሩ፤ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. ሲነግሡ የቤተ መንግሥታቸው የጽሕፈት ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ ለአውሮጳ ነገሥታት ደብዳቤ የላኩትም በአማርኛ ነው። በዚያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን ቅላጼ አስመስሎ ሊያስቅ የሚደፍር የመድረክ ሰው አልነበረም። የዘመናችንን ሥነ ጽሑፍ ደግሞ እነማን እንደሠሩት እንቁጠር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የተወለደው ዐድዋ አጠገብ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የአምቦ አካባቢ ልጅ ነው። ሰሎሞን ደሬሳ ከወለጋ፣ በዓሉ ግርማ ከኢሉባቦር፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከሐረር የመጡ ናቸው። የአማርኛን ግጥምና ልብ ወለድ ካነሡት መካከል እነዚህን አውጥተን ብንጥል የሚቀረን ምን ያህል ነው? ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የጎጃምን አነጋገር ይዘው ነው የመጡት፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም አገር ምድሩ ሥራውን ትቶ አደመጠ እንጂ «ባላገር» ብሎ ጣቢያ አልቀየረም። የጎጃም አነጋገር በመጽሐፍ ሲሆን ቅርስ፣ በስብሰባ አዳራሽ ሲሆን መሳቂያ የሚሆንበት ምክንያት ሊነገረን ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ ትዕይንት እንጨምር፤ ሁላችንም በየዓመት በዓሉና በየሠርጉ የምናየው ነው። አንድ ነጭ አሜሪካዊ ሦስት ቃል አማርኛ ይናገራል። «እንዴት ነሽ» ለወንድ፣ «እንዴት ነህ» ለሴት ይላል፤ «አመሰግናለሁ» የሚለውን አራት ቦታ ይሰብረዋል። ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። «ጎበዝ! እንዴት ይችላል!» ይባላል፤ ጉርሻ ይጎረሳል። በዚያው ድግስ ላይ የባሌ ሰው ተነሥቶ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው፣ ቁም ነገር ያለው ንግግር ሲያደርግ አንዲት ግስ ላይ የሴት የወንዱን ቢያፋልስ ሳቁ ለሳምንት ይተርፋል። አንድ ዓይነት ስሕተት፣ ለአንዱ ሽልማት፣ ለሌላው ውርደት። ይህ የቋንቋ ፍቅር አይባልም። የፈረንጁ ስሕተት ደስ የሚለን ከእኛ ጋር የሚጋራው ሥልጣን ስለሌለ ነው፤ የባሌው ሰው ስሕተት የሚያስቀን ግን በአገሩ ጉዳይ እኩል ድምፅ ይዞ ስለመጣ፣ ያንን ድምፅ ዝቅ ለማድረግ ነው።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛ የመንግሥቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ መሆኑን ደነገገ። ድንጋጌው ለአንድ አገር አንድ የሥራ ቋንቋ ለማበጀት ነበር ብንል እንኳ፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ የተተረጎመው በሳቅ ነው። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. በተማሪዎቹ «ስትራግል» መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ሲጽፍ ኢትዮጵያዊ ለመባል የአማራን ጭምብል ማጥለቅ ግድ ሆኗል የሚል ክስ አቀረበ። ዋለልኝ የወሎ ልጅ ነበር፤ ጽሑፉን የጻፈው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህችን ልብ በሉልን። በድምዳሜው አንስማማም፤ ያ ድምዳሜ በኋላ ምን እንደወለደ አይተናልና። ነገር ግን አንድ ወጣት ከጅማ ወይም ከነቀምት መጥቶ በክፍል ውስጥ እጁን ከማውጣቱ በፊት አማርኛውን በልቡ አሥር ጊዜ ይለማመድ እንደነበር ያልሰማ ከትውልዳችን ማን አለ? ያ ወጣት አድጎ የሆነውን ሆነ። ጠመንጃ ካነሡት ብዙዎቹ የቁጣቸውን ምንጭ ሲናገሩ ከመሬትና ከግብር ቀጥሎ የሚያነሡት ይህንኑ ሳቅ ነው። «ቀልድ ነው» ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው፤ ለዚህ ቀልድ የተከፈለውን ዋጋ ቁጠሩት።

ከዚያ ኢሕአዴግ መጣ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና አላቸው አለ፤ አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አደረገ፤ የካቲት 2012 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ እንዲታከሉ የሚል የቋንቋ ፖሊሲ ጸደቀ። ይሁን፤ በወረቀቱ ላይ ጠብ የለንም። ጠባችን ሥርዓቱ ቅላጼን ከሳቅ አንሥቶ መታወቂያ ወረቀት ስላደረገው ነው። ድሮ አነጋገርህ ከየት አውራጃ እንደመጣህ ይናገር ነበር፤ አሁን ከማን ወገን እንደሆንህ፣ መሬቱ ይገባህ እንደሆነ፣ እዚያ አገር የመኖር መብት ይኑርህ አይኑርህ ይናገራል ተባለ። በሌላው ክልል ተወልዶ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ በገዛ ቀዬው «መጤ» ሲባል፣ በፊት ይስቅ የነበረው ሰው ሳቁ ተመልሶ ከደጁ ቆመ።

የ«አምቼ»ዎችን ነገር እናስታውስ። አምቼ አዲስ አበባ ውስጥ ክፍሎቹ ከውጭ መጥተው መኪና የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ስም ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደው ላደጉ ኤርትራውያን ቅጽል ስም ሆኖ ወጣላቸው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ሲባረሩ «ኤርትራዊ ናችሁ» ተብለው ነው። አሥመራ ሲደርሱ ግን ትግርኛቸው አማርኛ አማርኛ ይሸታል ተብሎ ተሳቀባቸው። በአንዱ አገር በደማቸው፣ በሌላው በቅላጼያቸው ባዕድ ሆኑ። እዚህ አትላንታም አብረውን ይኖራሉ፤ የእኛኑ ቡና ይጠጣሉ፤ የእኛኑ ዘፈን ይዘፍናሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ሠፈር፣ ወደ ተቃውሞው ጎራ እንምጣ፤ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዋናነት ለዚሁ ሠፈር ነውና። በአቶ መለስ ዜናዊ ዘመን ከባሕር በርና ከባድመ ጀምሮ የሚከሰሱበት ነገር ተርፎ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በአደባባይ የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች አጣሪ ኮሚሽኑ ራሱ 193 ብሎ ቆጥሯል። ይህን የመሰለ ክስ በእጁ ይዞ በአደባባይ የቆመ ተቃዋሚ የአስገዳዩን መንግሥት መሪ በቅላጼ ማሾፉ ምን ይባላል? ቅላጼው የእርሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ያንኑ ቅላጼ የሚናገሩ፣ በዚያው መንግሥት እሥር ቤት የማቀቁ፣ በረሃብ የተቆሉ ሚሊዮኖች አሉ። ቀልዱ መሪውን ሳይነካ አልፎ እነርሱን መታ። አቶ ኃይለ ማርያም ደሣለኝ ከወላይታ መጥተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑም ቀልዱ ባለቤት ቀየረ እንጂ አልቆመም፤ ሰውዬው በፈረሙት ነገር ይወቀሱ ዘንድ በቂ ሰነድ እያለ፣ መድረኮቻችን በአፋቸው ተጠመዱ። እንዲህ ያለ ተቃውሞ ለገዥው ትልቅ ስጦታ ነው፦ «አዩ፣ የሚጠሉት እኔን ሳይሆን እናንተን ነው» ብሎ ሕዝቡን ከኋላው ያሰልፍበታል። ደግሞም አሰልፏል።

ሳቁ የት ያደርሳል? ጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀ በቀናት ውስጥ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአዲስ አበባ የሚካሄደው እሥራት በብሔር ማንነት ላይ የተመሠረተ እንደሚመስል ገልጾ ስጋቱን አሰማ። በዚያ ሰሞን በታክሲ ውስጥ ስልክ ያነሣ የትግራይ ተወላጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለምን እንደሚያወራ ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12ን ያነበበ ያውቀዋል፤ በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ አንዲት ቃል ማስተካከል ያቃተው ይታረድ ነበር። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1937 በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የሃይቲ ተወላጆች ሲጨፈጨፉ የአንዲት ቅጠል ስም፣ «ፔረሂል»፣ አስጠርተው ይለዩ እንደነበር ይተረካል። መፈተኛው ቃል በየአገሩ ይለያያል እንጂ ፈታኙ የሚሠለጥነው አስቀድሞ በሳቅ ነው፤ ጆሮው ቅላጼን ለይቶ መናቅን የሚማረው በሰላሙ ጊዜ ነው።

እንግዲህ እኛ ያለነው አትላንታ ነው፤ አገሩም የሚያስተምረን አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ እዚሁ ጆርጂያ፣ ሳቫና አጠገብ ፒን ፖይንት በምትባል መንደር ተወለዱ። ልጅ ሆነው የሚናገሩት ጊቺ የሚባለውን፣ በባሪያ ፍንገላ የመጡ አፍሪካውያን ዘሮች በባሕር ዳርቻው ያቆዩትን አነጋገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ለተማሪዎች ሲናገሩ፣ በልጅነታቸው በአነጋገራቸው ስለሚቀለድባቸው ከመናገር ይልቅ ማዳመጥን እንደመረጡ ገለጹ። ከ2006 እስከ 2016 ድረስ ለአሥር ዓመታት ያህል በችሎት ክርክር ላይ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። በፍርዳቸው መስማማት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። በአገሪቱ ከፍተኛ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ምላስ የክፍል ጓደኞች ሳቅ ከዓሥርት ዓመታት በኋላ ይህን ያህል ከያዘው፣ በእኛ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚሄደው ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ አስቡት። ጂሚ ካርተርም የፕሌይንስ ገበሬ ልጅ ነበሩ፤ የደቡብ ቅላጼያቸውን ይዘው ዋይት ሐውስ ገቡ፤ በ1982 ዓ.ም. መባቻ ላይ ደርግንና ሻዕቢያን እዚሁ አትላንታ በማዕከላቸው ለንግግር ያስቀመጡትም በዚያው ቅላጼ ነው።

የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲና የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት የነጮቹ የጆርጂያ ቅላጼ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ከተወለዱት ጀምሮ በፍጥነት እየሳሳ መሄዱን አሳይተዋል። ቅላጼ እንዲህ በአንድ ትውልድ ሊከስም ይችላል። የእኛው ልጆች ግን «ያል» ማለትን ለምደዋል፤ በዚህ እንስቃለን፣ ደስም ይለናል።

በአማርኛቸው የምንስቀው ግን ደስታ የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ልናስቆጥራቸው እንወስዳቸዋለን፤ ልጁ «ቀ»ን «ከ» አድርጎ ሲጠራ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይስቃል፤ «ድገመው እስኪ፣ ድገመው» ይባላል። ልጁ ሁለተኛ አይደግመውም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁሉን ይሰማል፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ከዚያ ወላጆች «አሜሪካ ልጆቻችንን ነጠቀችን» ብለው ያለቅሳሉ።

እኛው ደግሞ በሥራ ቦታ በእንግሊዝኛችን ምክንያት ዕድገት ስንከለከል ሕግ እንጠቅሳለን። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተ የሥራ አድልዎን ይከለክላል፤ ሕጉን የሚያስፈጽመው ኮሚሽንም ቅላጼው ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ካልሆነ በቀር አሠሪ በቅላጼ ሰበብ ሠራተኛን ሊጎዳ አይችልም ይላል። መልካም ሕግ ነው፤ የታገሉለትም በአብዛኛው የዚህችው ከተማ ጥቁር ሕዝብና ጓዶቹ ናቸው። ይህን መብት ከፈረንጅ በእንግሊዝኛ እየጠየቅን ለወንድማችን በአማርኛ የምንነፍገው በምን አንደበት ነው?

«መለኪያ የሌለው ቋንቋ ይፈርሳል» የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸውን አንንቅም። ለዜና ንባብ፣ ለሕግ ጽሑፍ፣ ለመማሪያ መጽሐፍ አንድ ወጥ አጻጻፍ ያስፈልጋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. መዝገበ ቃላቱን ያወጣውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የአጻጻፍ ሥርዓት አንድ ነገር ነው፤ የሰው ጉሮሮ ሌላ ነገር ነው። ግስ ያሳሳተውን በአክብሮት ማረም ይቻላል። «አማርኛህ ደስ ይላል፣ ከየት ነህ?» እያሉ የመንደር ምርመራ መክፈት ግን እርማት አይደለም።

ስለዚህ ለአትላንታ ማኅበራት መሪዎች፣ ለሬዲዮ አዘጋጆችና ለመድረክ ቀልደኞች የምናቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። የስብሰባ ሰብሳቢ በተናጋሪ አነጋገር የሚስቅን ሰው፣ ተናጋሪውን በስድብ ያቋረጠ ሰው በሚገሠጽበት አኳኋን ይገሥጽ። የዝግጅት ኮሚቴዎች የቅላጼ ቀልድ ይዞ የሚመጣን ቀልደኛ በእኛ የመግቢያ ገንዘብ አያስመጡ። የማኅበረሰብ ሬዲዮዎች ዜናቸውን አንድ ቀን በጎንደሬ፣ አንድ ቀን በወሎዬ፣ አንድ ቀን አማርኛን አድጎ በተማረ የሲዳማ ልጅ ድምፅ ያስነብቡ፤ አድማጭ ይለምደዋል። አንባቢዎቻችንም በየከተማችሁ የሆነውን ጻፉልን፤ በአገር ቤት ያላችሁ ደግሞ በተለይ ጻፉልን፤ በምትናገሩት ዘዬ ብትጽፉት ቃል ሳንለውጥ እናወጣዋለን።